ሌበርድ የተባለችው ቃል

አቶ ላቀው፣ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። የአስም በሽታቸው የቆየ ስለነበር ቤተሰቡ ነገሩን የእግዜር ሥራ ብሎ ሊቀበለው ነበር። ሐኪማቸው ግን አልተዋጠለትምና ለፖሊስ አመለከተ። ይሄኔ ታናሽ ወንድማቸው ቦጋለ ጣቱን ሲና ላይ ቀሰረ፤ የባለቤታቸው የወይዘሮ አፀደ የእህት ልጅ ናት፣ የመጨረሻውን መድኃኒት የሰጠቻቸውም እሷ ነበረች።

ኢንስፔክተር መቅደላዊት ብዙ አታወራም፤ ሰው ሲያወራ ግን አንዲት ቃል አታመልጣትም። መድኃኒቱን አስመረመረች፤ እንከን አልተገኘበትም። ከዚያ ሐኪሙን አነጋገረች። የውጭ አገር ሰው ነው፣ አማርኛ አያውቅም። አቶ ላቀው ባረፉበት ዕለት ቦጋለ ሲደውልለት «ትንፋሹ ሌበርድ ነው?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠይቆት ነበር። ቦጋለም «አይደለም፣ ሥራ ካቆመ ቆየ፣ ጡረተኛ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ሐኪሙ የጠየቀው መተንፈስ ይከብደው እንደሆነ ነበርና ግራ ገብቶት ደጋግሞ ቢደውል የሚያነሳ አጣ።

ቦጋለ አልካደም። ሌበር ማለት የጉልበት ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር ብሎ አንገቱን ደፋ። ማንም ሊሳሳተው የሚችል ነገር ነውና ጣቢያው ውስጥ ያዘኑለት ነበሩ። መቅደላዊት አላዘነችለትም። ቦጋለን፣ ወይዘሮ አፀደንና ሲናን አቶ ላቀው ያረፉበት ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ወይዘሮ አፀደ፣ ቦጋለ ስልኩን እንደዘጋ ምን አለዎት?»

«‹ሐኪሙ፣ ሲተነፍስ ያስጨንቀዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ አዎ አልኩት፣ ዛሬ ይረፍና ነገ አምጡት ብሏል› አለኝ። እኔማ ታክሲ ልጠራ ነበር።»

መቅደላዊት ወደ ቦጋለ ዞረች።

«ስለ ሥራ የጠየቀዎት ከመሰለዎት፣ ‹ያስጨንቀዋል ወይ› የሚለውን ከየት አመጡት? ሌበርድ የምትለዋን ቃል ለወይዘሮ አፀደ አሳምረው ተርጉመውላቸዋል። የጠፋችብዎ ለሐኪሙ ሲመልሱ ብቻ ነው። ‹ነገ አምጡት› የሚለውንም ሐኪሙ አላለም።»

መቅደላዊት ቀጠለች።

«አቶ ላቀው ልጅ የላቸውም። ከአባታችሁ የወረሱትን ይህን ቤት በማግስቱ ወደ ባለቤታቸው ስም ሊያዞሩ ቀጠሮ ነበራቸው። ሳያዞሩ ከሞቱ ግን ወራሹ እርስዎ ነዎት። ለእርስዎ አንድ ቀን እንግሊዝኛ አለማወቅ ይበቃዎት ነበር።»

ሲና ማልቀስ ጀመረች። ወይዘሮ አፀደ አላለቀሱም፤ ክህደቱ ከሐዘኑ በልጦባቸው ነበር። ባላቸው የተቀመጡበትን ሶፋ ሲያዩ ቆዩና ቦጋለን ቀና ብለው ተመለከቱት።

«ስልኩን የሰጠህ ወንድምህ ነው» አሉት። «እያቃሰተ፣ ‹ቦጋለ ያናግረው፤ እንግሊዝኛ ያስተማርኩት ለዚህ ቀን አይደል?› ብሎ።»