ጋሽ አምሃ «አቤት» ያሉ ቀን

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። እዚያው ጀልባ ላይ ስለነበርኩ ነው።

በፈረንጆቹ 2015፣ ኦገስት ውስጥ ነው። ከቀኑ አስር ሰዓት። ሰሜን ካናዳ፣ ባሕሩ በሁለት ገደል መሀል ገብቶ በተኛበት ፍዮርድ ውስጥ...

ቀመሪያ እባላለሁ። ቶሮንቶ ውስጥ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። ያኔ የምንከባከባቸው ጋሽ አምሃ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ። ልጃቸው ፅጌረዳ በትንሽ መርከብ የሚደረግ ጉዞ ገዛችላቸው። እሷ ከሥራ ፈቃድ ስላጣች እኔን ከሳቸው ጋር ላከችኝ።

የዚያን ቀን ስምንት ተጓዦችና አንድ አስጎብኚ ሆነን በላስቲክ ጀልባ ወደ ገደሉ ተጠጋን። አስጎብኚው ሞተሩን አጠፋና በየተራ እንድንጣራ ነገረን። አንዷ ሴትዮ «ሄሎ» አለች። ገደሉ ሦስት ጊዜ መለሰላት። ሁሉም ሳቀ።

ጋሽ አምሃ የራሳቸውን ስም ተጣሩ።

ዝም...

ደገሙት። አጠገባቸው ስለነበርኩ ጆሮዬ ጭው አለ፤ ገደሉ ግን አልመለሰም። ድምፄ አርጅቷል ብለው ቀለዱ። አስጎብኚው አልሳቀም። ቶሎ ሞተሩን አስነሳ።

ትንሽ እንደራቅን የበረዶ ቋጥኝ ፎቶ ልናነሳ ቆምን።

ያኔ ሰማሁት። ከኋላችን... ከውሃው ላይ...

«አምሃ...»

የሳቸው ድምፅ ነው። ግን የወጣት።

ሌሎቹ ፎቶ ያነሳሉ። አንድም ሰው አልዞረም። እናቴ የማታዪው ሰው ሲጠራሽ አትመልሺ ትለኝ ነበር። ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ... እንዳይመልሱ።»

«አንቺም ሰማሽው?»

«ሰምቻለሁ። ዝም ይበሉ። በአላህ።»

«አምሃ...»

አሁን ቀርቧል። ጋሽ አምሃ አፋቸውን በጓንታቸው አፈኑ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ታገሉ... አየኋቸው፣ ታገሉ። ከዚያ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወደቀ።

«አቤት» አሉ። ቀስ ብለው።

ጀልባዋ በእኛ በኩል ዘንበል አለች። ሰው ጠርዟን ይዞ ሲሳፈር እንደምታዘነብለው። ከእኛ መሀል ግን ከቦታው የተነሳ የለም።

አስጎብኚው ዞር ብሎ ቆጠረን። ደግሞ ቆጠረን። ከንፈሩ ነጣ። ሞተሩን አስነስቶ ወደ መርከቧ መለሰን።

ከዚያ በኋላ ጋሽ አምሃ ለአራት ቀን አላናገሩኝም። ከክፍላቸው በር ውጭ ቆሜ ግን ሲያወሩ እሰማ ነበር። ዝም ብለው ያዳምጣሉ... ደግሞ ይስቃሉ...

ቶሮንቶ እንደገባን ከኤርፖርት ወደ ዌስተን የሚሄደውን ባቡር ያዝን። ሰው ጢም ብሏል። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጫለሁ፤ ከጋሽ አምሃ ጎን ያለው ወንበር ብቻ ባዶ ነበር። አንድ ወጣት ሊቀመጥ መጣ። ጎንበስ አለ... ከዚያ ደንገጥ ብሎ ቀና አለ።

«ሶሪ» አለ።

ለእኔ አይደለም። ለወንበሩ።

አየሁት። ማንም የለም።

ዌስተን ስንደርስ ጋሽ አምሃን ደግፌ ወረድኩ። ወጣቱ በሩ እንዳይዘጋብን በክንዱ ይዞልን ነበር። ሁለታችንም ወረድን... እሱ ግን አልለቀቀውም።

ዓይኑ ከባቡሩ ውስጥ የሆነ ነገር እየተከተለ፣ ቀስ እያለ ወደ በሩ መጣ።

በአክብሮት ራሱን ዝቅ አደረገ።

ከዚያ በሩን ለቀቀው።