ሦስት ሆነን ፎቶ አንነሳም

ያላመነ ይተወው። እንኳን ለሰው፣ ለራሴም አልተዋጠልኝም። ግን ሆኗል... በእናቴ እምላለሁ።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ተኩል ነበር። ጠራራ ፀሐይ።

ቦታው ወንዝ ዳር ያለችው ከተማችን ካንቶ፣ አሮጌው ፖስታ ቤት። ፈረንሳዮች የሠሩት፣ ግድግዳው ቢጫ፣ መስኮቱ አረንጓዴ የሆነው። ከተማችን ውስጥ ሙሽራም ተመራቂም ፎቶ የሚነሳው እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ሦስት እህትማማቾች ነበርን። ታላቃችን ቢክ፣ እኔ ሉዋ፣ ትንሿ ንያን። ንያን በሦስተኛው ቀን ለሥራ ጃፓን ልትሄድ ነው። እናታችን እግሯን አሟት ስለነበር አልመጣችም።

"ሳትለያዩ ፎቶ ተነሱልኝ" አለችን። "ግን ሦስት ብቻ ሆናችሁ፣ ወዮላችሁ!"

እኛ አገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሦስት ሰው አብሮ ፎቶ ከተነሳ፣ መሃል የቆመው ቀድሞ ይሞታል።

ፎቶ አንሺው ጋሼ ሎክ ገና ሲያዩን ካሜራቸውን አወረዱ።

"አላነሳም። አራተኛ አምጡ።"

"እርስዎ ይግቡልና!" አለች ንያን።

"ታዲያ ማን ሊያነሳሽ ነው፣ አንቺ ቀልደኛ?"

እየሳቅን ወደ ውስጥ ገባን። የምሳ እረፍት ነው። ሠራተኞቹ ባንኮኒው ላይ ተደፍተው ተኝተዋል።

አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ብቻ ተቀምጣለች። ነጭ ለብሳለች። በዚያ ሙቀት አንዲት ጠብታ ላብ የላትም...

"እህታችን፣ ለአንድ ፎቶ ብቻ..." አለች ቢክ።

ሴትየዋ ወዲያው ተነስታ ተከተለችን።

ተሰለፍን። ቢክ፣ እኔ፣ ንያን፣ ጫፍ ላይ ሴትየዋ።

"አሁን ጥሩ!" አሉ ጋሼ ሎክ።

ሴትየዋ በንያን ጀርባ በኩል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ትንፋሽ የላትም።

"መሃል ያለሽው አንቺ ነሽ..."

"አራት ነን እኮ።"

"ቁጠሪ።"

ከጋሼ ሎክ ኋላ መኪና ቆሟል። መስኮቱ ላይ ራሳችንን አየሁ። ቢክ... እኔ... ንያን...

ከዚያ ወዲያ ባዶ ደረጃ።

መጮህ ነበረብኝ። እህቶቼን ጎትቼ መሮጥ ነበረብኝ። ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ?

"ንያንዬ፣ ቦታ እንቀያየር። ተጓዧ አንቺ አይደለሽ? መሃል ያምርብሻል።"

"እውነት?" ደስ አላት። ፀጉሯን አስተካክላ መሃል ገባች።

ቀጭ።

ለምን ትሉኝ ይሆናል። ፈራሁ። መሞት ፈራሁ፣ በቃ።

ዞር ስል ሴትየዋ የለችም። ፎቶው ሲታተም ሦስት ነን። ጋሼ ሎክ ፎቶውን ሲሰጡን ወደ ንያን አላዩም። ወደ እኔ ነው ያዩት።

በማግስቱ ንያን ዘመድ ልትሰናበት የተሳፈረችበት ጀልባ ወንዙ ላይ ተገለበጠ። አሥራ አንድ ሰው ዋኝቶ ወጣ። እሷ ብቻ ቀረች።

እናቴ ፎቶውን ይዛ መጣች።

"ልጄን መሃል ያቆማት ማነው?"

"ራሷ ነች የመረጠችው" አልኩ።

ዓይኔን እንኳ አላሸሸሁም።

ዓመቷን ስንዘክር እናቴ ደግሞ ለመነች። "የቀራችሁኝን ሁለታችሁን በፎቶ ልያችሁ።" ሁለት ሰው ምን ይሆናል? ያው ቦታ ሄድን። ቢክ በግራ፣ እኔ በቀኝ።

ጋሼ ሎክ በካሜራው ውስጥ ረጅም ጊዜ አዩ።

"ሉዋ..." አሉ ቀስ ብለው። "ማናት አጠገብሽ?"

ወደ ቀኜ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም።

ፎቶው ላይ ግን ሦስት ነን። ቢክ በግራ። ንያን በቀኝ፣ ፀጉሯ ውኃ ያንጠባጥባል። ሁለታችን ወደ ካሜራው እናያለን፣ እሷ ወደ እኔ።

መሃል ያለሁት እኔ ነኝ።

ልቀደው ነበር፣ እናቴ ነጠቀችኝ። ሳሎን ሰቀለችው። በየጠዋቱ ትወለውለዋለች፣ ታናግረዋለች።

"እማዬ፣ በናትሽ አውርጂው... እሞታለሁ!"

"ልጄን?" አለችኝ። "ልጄን ላውርዳት?"

ትናንት ፎቶው ላይ ንያን እጆቿን አጣጥፋ ነበር የቆመችው።

ዛሬ ጠዋት አንዱ እጇ ትከሻዬ ላይ ነው።