ከመጨረሻው ዘፈን የወጣው ድራም

ሸካራው ሞቶ የተገኘው አዲሱ አልበሙ ኦንላይን ለሽያጭ በወጣ ማግሥት፣ ከቀትር በኋላ፣ በገዛ ስቱዲዮው ወለል ላይ ነው። ሸካራው ያሉት አድማጮቹ ናቸው፤ ድምፁ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚከረክር፣ ጊታር ሲጫወት ከጊታሩ ጋር የተጣላ የሚመስል የአልተርኔቲቭ ሮክ ድምፃዊ ነበር። በጀርባው ተንጋሏል። ማጅራቱ ድራሙ ከተቀመጠበት መድረክ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል፤ የጊታሩ ገመድ በግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠምጥሟል።

ጉዳዩ የደረሳት መርማሪ ጡረታዋ የተቃረበ፣ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እትዬ ለምን» የሚሏት ሴት ነበረች። አለቃዋ በማግሥቱ ገና በማለዳው ፋይሉን እንድትዘጋ ነገራት። ገመድ ጠለፈው፣ ወደቀ፣ ሞተ፤ ምኑ ነው የሚመረመረው?

«ገመዱን አይተውታል?» አለችው።

«ፎቶውን አይቻለሁ።»

«ሁለቱም ጫፉ እንደተሰካ ነው። አንድ ሙሉ ሰው ጠልፎ የጣለ ገመድ ቢያንስ አንዱን ጫፍ ይነቅላል። ይኼ ላላ ብሎ ነው የተጠመጠመው። ሰውየው ከወደቀ በኋላ ያጠለቁለት ነው።»

አለቃዋ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልሆነላት ጉዳዩን እንደ አደጋ እንደሚዘጋው ነግሯት ስልኩን አነሳ።

የስቱዲዮው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ከስቱዲዮው በላይ የምትኖረው የሟች ታላቅ እህት ናት። ዓይኗ ደርቋል፤ ሐዘኗ ሁሉ ቁጣ ሆኗል። አልበሙን ለአሳታሚ እንዲሰጥ ብትለምነው እምቢ ብሎ በኢንተርኔት ራሴ ካልሸጥኩ አለ፤ በዚያው ተኮራረፉ፤ እሷ ግን የመሸጫ ገጹን ከማዘጋጀት አልቀረችም። ወንድሟ ሲሞት ጋደም ብላ እንደነበርና ምንም እንዳልሰማች ተናገረች።

«እዚያ ክፍል ውስጥ ቤት ቢፈርስ ላይ አይሰማም» አለች። «ለዚህ ብለን አይደል ግድግዳውን ያለበስነው።»

ሁለተኛው ድምፅ ቀራጩ ነው፤ ሬሳውንም ያገኘው እሱ ነበር። ጠዋት አብረው ሲሠሩ ቆይተው ለምሳ ወጣ፤ ሲመለስ አገኘው። መርማሪዋ ምን እየሠሩ እንደነበር ስትጠይቀው «አንድ ሙከራ ነው፤ አሁን ምን ያደርጋል» ብሎ አቀረቀረ። ደጋግማ ብትጠይቀው ያው ነው። ሸካራው ሥራ አለቀ ማለት የማያውቅ፣ እሱንም እንቅልፍ የነሳ ሰው እንደነበር ብቻ ሳይደብቅ ተናገረ።

ሦስተኛው ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሸካራው ጓደኛ የነበረው ድራመር ነው። ቤቱ ስትሄድ ጣቶቹ ጉልበቱን እየመቱ፣ ቀረጻው ካለቀ ወዲህ ስቱዲዮውን እንዳልረገጠ ነገራት።

«አልበሙን እንደ ማንም ሰው እዚሁ ቁጭ ብዬ ነው ገዝቼ የሰማሁት» አላት። «የመጨረሻውን ዘፈን ስከፍተው ድራሜ የለም። ያ ዘፈን በድራም ብቻ ነው የሚጀምረው። እናቴ ስታጣጥር አጠገቧ ሆኜ በጣቴ ያወጣሁት ምት ነው። አውጥቶ ጣለው። ተናድጃለሁ፣ አልደብቅሽም። ግን የተናደደ ሁሉ ሰው አይገድልም።»

መርማሪዋ አመነችው ማለት ይቻላል። ውሸታም ንዴቱን ይደብቃል፤ ይኼ ግን አውጥቶ ዘረገፈው። ባዶ እጇን ወጣች። ሦስቱም ሟቹን ተቀይመውታል፤ የሦስቱንም ውሎ ያየ የለም። ቀኑ ደግሞ እየሄደ ነው።

እንግዲህ ሁሉም የሚጣላበትን አልበም ራሷ ልትሰማ ቆረጠች። እህትየው በስልክ ልላክልዎት ስትላት አልተቀበለችም፤ እነሱ መርጠው የሚሰጧትን ሳይሆን ሕዝብ የገዛውን መስማት ፈለገች። ያን ጊዜ ነው አበሳዋን ያየችው። ገጹ መጀመሪያ ስሟን፣ ቀጥሎ የይለፍ ቃል ጠየቃት፤ የሰጠችው ሁሉ ደካማ ነው ተባለ። ጠንካራ ስትሰጠው የማረጋገጫ ቁጥሩን ድሮ ወደተወችው ስልክ ላከው። እሱን ስታስተካክል ሰው መሆኗን እንድታረጋግጥ የመንገድ መብራት ያለባቸውን ፎቶዎች ምረጪ አላት፤ መረጠች፤ ተሳስተሻል አላት። በመጨረሻ ካርዷን አልቀበልም አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ሌባና ነፍሰ ገዳይ ያናዘዘች ሴት እንባዋ ሊመጣ ደረሰ።

ባሏ ከሳሎን «ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?» አላት።

«ከሱቅ ጋር።»

«ባለሱቁ ምን አለ?»

«እሱን መች አገኘሁት።»

በማግሥቱ ባንክ ሄዳ ካርዷን አሠርታ፣ ቢሮዋ ተመልሳ ገዛችው። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ቆርቆሮ ሲጎተት የሚሰማ ድምፅ መሰሏት፤ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። የመጨረሻው ዘፈን ጀመረ። ድራም ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ ይመታል፤ ያበቃ መስሎ ይቆማል፤ እንደገና ይቀጥላል። ወደ ኋላ መልሳ ሰማችው። ድራሙ አለ። ወዲያው ድምፅ ቀራጩ ጋ ደወለች፤ ያን የሸሻትን ጥያቄም አሁን እንዲሸሻት አልፈቀደችለትም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ስቱዲዮ ሰበሰበቻቸው። ድራመሩ የሰማውን እንዲደግምላት ጠየቀችው፤ ያንኑ ቃል በቃል ደገመ። እሷ ስልኳን ማጉያው ላይ ሰክታ የገዛችውን ዘፈን ከፈተች። የድራሙ ምት ክፍሉን ሞላው። የድራመሩ ጣቶች በአንዴ ጸጥ አሉ።

«አልበሙ ገበያ ከወጣ በኋላ ዘፈኑን ቀይራችኋል?» አለቻት እህትየውን።

«ገጹ በኔ እጅ ነው። ምንም አልተነካም።»

«እንግዲያው አልበሙን የገዛ ሰው ሁሉ ድራሙን ይሰማል። ያለ ድራም የተሠራው የት ነበር?»

ድምፅ ቀራጩ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «እዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ። የሞተ ዕለት ጠዋት ነው የሠራነው። ለማንም አልተናገርኩም።» ከዚያ ወደ ድራመሩ ዞረ። «ለመርማሪዋም የደበቅኩት እንዳትሰማ ብዬ ነው፤ በዚህ ሐዘን ላይ ቅር እንዳይልህ።»

መርማሪዋ ነገሩን አንድ በአንድ አስቀመጠችው። ገመዱን ያጠለቀው ሰው ገፍትሮት ሲያበቃ አደጋ እንዲመስል የፈለገ ነው። ቁልፍ ያለው ከሦስቱ በቀር ሌላ የለም። ያለ ድራም የተሠራውን ዘፈን የሰማ ሰው ደግሞ በዚያ ቀን፣ ድምፅ ቀራጩ ለምሳ ወጥቶ ሳለ፣ እዚህ ክፍል የገባ ሰው ብቻ ነው።

«የተገዛ ዘፈን ከስልክ አይጠፋም» አለችው ድራመሩን። «ገዝተህ ከሆነ አሳየኝ።»

እጁ ወደ ኪሱ አልሄደም። ኋላ ግን ራሱ ተናገረ። በአልበሙ መውጣት እንኳን ደስ ያለህ ሊለው ነበር የመጣው። ሸካራው ከወዲያኛው ክፍል እስኪመጣ ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተውን ዘፈን ተጫነው፤ ሰማው። ሸካራው ሲገባ ደረቱን ገፈተረው፤ አንዴ ብቻ ነው የገፈተረው።

«አልበሙ በወጣ ማግሥት ዘፈኑን ሊተካው ነበር» አለ። «ገዝቼ ሰማሁ ያልኩሽም እስካሁን የተተካ መስሎኝ ነው። ከማግሥቱ ጀምሮ ሰው ሁሉ ያን ነበር የሚሰማው።»

«አልነበረም» አለ ድምፅ ቀራጩ። «አሰማሁትና ራሱን ነቀነቀ። ‹ባዶ ቤት ሆነ፤ ያለ እሱ አይሆንም፤ አጥፋው› አለኝ። ከምሳ ስመለስ አጠፋዋለሁ ብዬ ወጣሁ።»

እህትየው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መርማሪዋ ከጥግ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፤ ለራሷም መቀመጥ አማራት። ጉዳዩ ተፈትቷል፤ ደስ የሚላት ነገር ግን አጣች።

ድራመሩ የመድረኩን ጠርዝ እያየ ቆሞ ነበር።

«‹አንዴ ስማኝ› አለኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለት ጊዜ ‹ስማኝ› አለኝ። አልሰማሁትም።»