ሁለት ስምንት በበረዶው ላይ

አሠልጣኙ አቶ ወልደአምላክ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ በጀርባቸው ተዘርረው፣ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ እንደፈጠጠ በበረዶ ሜዳው መሃል ሞተው ተገኙ። ከራሳቸው ሥር የፈሰሰው ደም ረግቷል። የሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ገና ሙሉ በሙሉ አልነጋላትም ነበር። መጀመሪያ ያየቻቸው የአሥራ ሰባት ዓመቷ ተማሪያቸው ኤልዳና ናት። ጩኸቷን የሰሙ ሰዎች ዛሬም ስለዚያ ጠዋት ሲያወሩ ይሰቀጥጣቸዋል።

የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ ጸዳለን የላካት አማርኛ ስለምትችል ነው። እሷ ግን ከዚያም በላይ ዝም ብሎ ማየት ትችላለች፤ እሱ ደግሞ ብርቅ ነው። ወደ ሬሳው ከመሄዷ በፊት የሜዳውን ጠርዝ ይዛ ዞረች። በረዶው ጠዋቱን የተለሰለሰ ስለነበር እያንዳንዱ ጭረት ይታያል። ሁለት ትልልቅ ስምንት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተስለዋል። አንደኛው ቀጭን ነው፤ ደጋግመው ሄደውበት እንኳ መስመሩ ፈቀቅ አላለም። ሁለተኛው የሰካራም መንገድ ይመስላል። ከሬሳው እግር አጠገብ ደግሞ በረዶው በአንድ ቦታ ተቦድሷል።

ጎንበስ ብላ የሟቹን ጫማ አየች፤ ጣቷን ስለቱ ጫፍ ላይ አሳረፈች።

ሎቢው ውስጥ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ኤልዳና፣ እናቷ እታለማሁ፣ ረዳት አሠልጣኙ ሲራክና የበረዶ ማለስለሻውን መኪና የሚነዳው በፈቃዱ። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ የሶቺን የክረምት ኦሎምፒክ ያሳያል። ማንም አያየውም። እርስ በርስም አይተያዩም፤ ከጎናቸው የተቀመጠው ገዳይ ሊሆን ይችላላ!

«ልጅቷን ልንወስዳት ነው» አለ አንዱ ፖሊስ ጸዳለን ወደ ጎን ስቦ። «ጫማዋን የእናቷ መኪና ትራንክ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ሥር ተደብቆ አገኘነው። ትናንት ደግሞ ሟቹ ላይ ስትጮህ ሁሉም ሰምቷል።»

«ትንሽ ታገሡኝ» አለች ጸዳለ።

መጀመሪያ ሲራክን ጠራችው።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ከአሌክሳንድሪያ እየነዳሁ ነበር። ቤልትዌዩ ጃም ሆኖ አረፈድኩ። ፓርክ ሳደርግ ነው ጩኸቱን የሰማሁት።»

«በረዶው ላይ ወጥተዋል?»

«ኧረ በፍጹም! ከበሩ ሆኜ ነው ያየሁት።»

«ምን የሆኑ ይመስልዎታል?»

«ግልጽ እኮ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ሊዘሉ ሞከሩ። ጫማው ፊት ላይ ያሉት ጥርሶች በረዶውን ሲወጉ ነው ሰው የሚነሣው። የወጉበት ያውላችሁ። ተነሡ፣ ወደ ኋላ ወደቁ፣ አለቀ። ካልሆነም... ልጅቷ ትናንት የተናገረችውን እርስዎም ሰምተዋል።»

«ስምንቶቹስ?»

ሲራክ ፈገግ አለ። «እሱ የኔ ሙያ ነው። ሌኒንግራድ ነው ያደግሁት። በናይንቲን ናይንቲ ቱ በወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና በስምንት ሥዕል ሦስተኛ ወጥቻለሁ። ትናንት ለወላጆች ሁሉ ነግሬያለሁ።»

«ጋሽ ወልደአምላክም ሰሙ?»

«ሰሙ እንጂ» አለ፤ ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ።

ቀጥሎ ኤልዳና ገባች።

«አይ ዲድንት ዱ ኢት» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ትናንት ‹አይ ሄት ዩ› አልኳቸው። ውድድር አልልክሽም ስላሉኝ ነው። ስምንትሽ ገና የኔን አላከለም አሉኝ። ሶሪ ሳልላቸው...» መጨረስ አቃታት።

«ስምንቱ ምንድን ነው? እኔ አላውቅም፤ አስረጂኝ።»

ሰው ስለሚያውቀው ነገር መናገር ሲጀምር እንደሚሆነው፣ ልጅቷ ትንሽ ትንፋሽ አገኘች። «ፊገርስ ነው፤ በረዶው ላይ በጫማ የሚሳል ቅርጽ። ጋሼ ኤቭሪ ሞርኒንግ ይሠሩታል። የስፖርቱ ስም ራሱ፣ ፊገር ስኬቲንግ፣ ከሱ ነው የመጣው። ድሮ፣ ከለንደን ኦሎምፒክ ጀምሮ፣ ከናይንቲን ኦ ኤት፣ ዳኞች በረዶው ላይ አጎንብሰው መስመሩን ያዩ ነበር። በቲቪ ቦሪንግ ነው ተባለና በናይንቲን ናይንቲ ለመጨረሻ ጊዜ ታየ። ከዚያ ከትልልቆቹ ውድድሮች ሁሉ ወጣ። ጋሼ አለቀስኩ ይሉ ነበር።»

«ጫማቸውንስ ታውቂዋለሽ?»

«ድዳሙን? ፊት ያለው ጥርስ ለፊገርስ ያስቸግራል፤ መስመሩን ይነካል። ስለዚህ አስሞርደውታል። ‹ድዳሙ ጫማ› እያልኩ አበሽቃቸዋለሁ። አበሽቃቸው ነበር።» እዚህ ላይ እንባዋ መጣ።

በፈቃዱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ድዳሙን ጫማ ማን ሞረደው?» «እኔው ነኝ፤ ራሳቸው አዘውኝ» አለ። ጠዋት በረዶውን አለስልሶ ለሳቸው ትቶላቸው ማሽን ክፍል እንደገባም ነገራት፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ከሞተሩ በቀር የሚሰማ የለም።

እታለማሁ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ነው የገባችው።

«ጫማውን ለምን ደበቅሽው፣ እትዬ እታለማሁ?»

«ፈራኋ! በረዶ ላይ ሞተው፣ ልጄ ጫማውን አድርጋ አጠገባቸው ቆማ... ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ምን ላድርግ?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለዚህ ነው። ሴትየዋ ልጇን አድናለሁ ብላ በገዛ እጇ ለፖሊሶቹ ገመድ አቀበለቻቸው።

ሬሳው ተነሥቶ፣ ፎቶው ሁሉ ከተነሣ በኋላ ጸዳለ አራቱንም በሜዳው አጥር ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ኤልዳና፣ ጫማሽን አድርጊ። ወዲያ ማዶ ንጹሕ ቦታ አለ። አንድ ስምንት ሥሪልኝ።»

«አሁን? አይ ካንት!»

«ትችያለሽ። ሕይወትሽ እሱ ላይ ነው።»

ልጅቷ ወጣች። አጥሩን ለቀቀች፣ ያዘች፣ እንደገና ለቀቀች። ከዚያ በአንድ እግሯ ቆማ ዞረች፤ በሌላው ዞረች፤ በዚያው በራሷ መስመር ላይ ተመለሰች። እናቷ ዓይኗን ጨፍና ነበር። መስመሩ ቀጭንና ክብ ሆኖ ወጣ፤ የጋሽ ወልደአምላክ መስመር ታናሽ እህት በሉት።

«አሁን እርስዎ፣ ኮች ሲራክ።»

ሲራክ አልተነቃነቀም።

«እኔ ልናገር እንግዲህ» አለች ጸዳለ። «እዚህ ሁለት ስምንት አለ። አንዱ የሟቹ ነው። ያ ጠማማው ግን የማን ነው? ጋሽ ወልደአምላክ ዛሬ ጠዋት ሰው ሊፈትኑ ጠርተው ነበር። ኤልዳናን አይደለም፤ እሷ እንዴት እንደምትሠራ አያችሁ። ‹እየዋሸች ሆን ብላ አጣመመችው› ትሉኝ ይሆናል። ታዲያ ያንን የተቦደሰ ቦታ እንዴት ታደርጉታላችሁ? ጋሽ ወልደአምላክ ዘለው ወደቁ እንዲባል ገዳዩ በራሱ ጫማ ጥርስ ወግቶ የሠራው ነው። የሟቹ ጫማ ግን ጥርስ የለውም! ይሄንን ኤልዳና ታውቃለች፤ ትስቅበት ነበር። በፈቃዱ ያውቃል፤ የሞረደው እሱ ነው። እታለማሁ በረዶ ረግጣ አታውቅም። በፊገርስ ሜዳሊያ አገኘሁ የሚለው ሰው፣ ከሁላችንም በፊት ማወቅ የነበረበት ሰው፣ እሱ ብቻ አላወቀም።»

ወደ ሲራክ ዞረች።

«በናይንቲን ናይንቲ ቱ ፊገርስ የሚባል ውድድር አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቀርቷል። ጋሽ ወልደአምላክ ትናንት ውሸትህን ሰምተው በሰው ፊት አላዋረዱህም። ‹ጠዋት ናና አንድ ስምንት ሥራልኝ› አሉህ። ሠራህ። አዩት።» እርስዎ መባሉ ቀርቷል።

ሲራክ አጥሩን ያዘ። «ሳቁብኝ እኮ» አለ በቀጭን ድምፅ። «‹ልጄ፣ ለወላጆቹ ራስህ ንገራቸው› አሉኝ። ገፋኋቸው። ሲወድቁ የተሰማው ድምፅ... ልገድላቸው አልነበረም።»

«ልጅቷንስ? በካቴና ልትሄድ ስትል ዝም ብለህ ስታይ አልነበረም?»

ፖሊሱ ወሰደው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ፍርሃት ግን ቶሎ አይለቅም። ኤልዳና በረዶው ላይ እንደቆመች ነበር፤ እናቷ ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ።

«ማሚ» አለች ኤልዳና። «እኔ ነኝ ብለሽ አሰብሽ?»

እታለማሁ መዋሸት ትችል ነበር። ያን ቀን የውሸትን መጨረሻ አይታለችና አልቻለችም።

«አዎ» አለች። «ለአንዲት አፍታ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ኤልዳና ተንሸራትታ መጥታ የአጥሩን በር ከፈተችና እጇን ዘረጋች። እታለማሁ ስንት ዓመት ሙሉ ልጇን ስታመላልስ እዚያ በረዶ ላይ እግሯን አሳርፋ አታውቅም፤ ስለምትፈራ። አሁን በተራ ጫማዋ ወጣች፤ ልጇን በሁለት እጇ ጨበጠቻት።

«አይዞሽ» አለቻት ኤልዳና፣ በአማርኛ። «ይዤሻለሁ።»