ሁለት ቡቃያ

ቲቸር ላይ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረም። ድስት ከጣደች ክዳኑን አሥር ጊዜ ታነሳለች፣ ልብ ወለድ ከጀመረች መጨረሻውን ቀድማ ታነባለች። እንዲህ ያለች ሴት መዋዕለ ሕፃናት ማስተማሯ ራሱ ያስቃል። ልጆቹ ግን ይወዷታል። እንደነሱ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ስለማይሆንላት ይሆናል።

የዚያ ሳምንት መቁነጥነጧ ግን ከልማዷም የባሰ ነበር። ረዳቷ ወልዳ ዕረፍት ስትወጣ የተተካው ወጣት መምህር፣ ልጆቹ «ረጅሙ» የሚሉት፣ ሥራውን ዓርብ ይጨርሳል። ዳይሬክተሯ ጎን ያለውን ክፍል ልስጥህ ብላዋለች። አጎቱ ደግሞ ሌላ ከተማ ካለው የቀለምና የሚስማር ሱቁ ሆኖ፣ ወንድ ልጅ የሰው ልጅ ንፍጥ ሲጠርግ አይውልም፣ ና እዚህ እያለ ይወተውተዋል። ረጅሙ ለሁለቱም መልስ አልሰጠም። ቲቸር ደግሞ ወዳዋለች። ችግሩ ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ መሆኗ ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጆቹ ባቄላ ተክለው ነበር። በየኩባያው አፈር፣ በአፈሩ ውስጥ አንድ ፍሬ፣ ኩባያው ላይ የልጁ ፎቶ። በማግስቱ ግማሾቹ በቅሎ እንደሆነ ለማየት በጣታቸው ቆፈሩት፣ ግማሾቹ ይጠጣ ብለው በውሃ አጥለቀለቁት። ባቄላው በሰበሰ። ጥያቄዋ ስለማያልቅ «ለምን» የሚል ስም የወጣላት ልጅ ኩባያዋን አቅፋ፣ ባቄላዬ ጠልቶኛል ብላ ስታለቅስ ቲቸር አንጀቷ አልቻለም። ቤቷ በእርጥብ ጨርቅ ባቄላ አጎነቆለች። ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድማ እየመጣች በየኩባያው ቀበረች። ልጅ ማታለል ያሳፍራልና ለማንም አልተናገረችም።

ቀኑን ሙሉ ግን ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት አይነቀልም ነበር። ረጅሙ ቀለም ሊበጠብጥ አጠገቧ ሲቆም፣ ለትንንሾቹ ጫማ ሊያስር ጎንበስ ሲል፣ እሷ ሰዓቱን ታያለች። ልጆቹ የሚወጡበት ሰዓት ከደረሰ ቀኑ አለቀ ማለት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። የቁጥር ትምህርት ነበር።

«በየኩባያው ስንት ባቄላ ተከልን?»

«አንድ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ስንት በቀለ?»

ልጆቹ ኩባያቸውን አዩ። መጀመሪያ ቀና ያለችው «ለምን» ነበረች።

«ሁለት። ለምን?»

ቲቸር አፈሩን አየች። እውነትም ሁለት ሁለት ቡቃያ ብቅ ብሏል። እሷ የቀበረችው አንድ አንድ ነው። ዓይኗን ስታነሳ ረጅሙ እሷን እያየ ነበር። ጆሮው ድረስ ቀልቷል፣ ጥፍሩ ውስጥ ደግሞ አፈር አለ። «ለምን» ጥያቄዋን ደገመችው።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ትንንሾቹን ወንበሮች እየደራረቡ ነበር።

«አንተም?» አለችው።

«አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ ማታ ማታ።»

«እኔ ጠዋት ጠዋት።»

ሳቃቸው መጣ። «ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«የሰለቸሁሽ ይመስለኝ ነበር» አለ ወንበሩን እንደያዘ። «አጠገብሽ በቆምኩ ቁጥር ሰዓት ታያለሽ።»

ቲቸር ያገኘችው ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ።

«የማየው መውጫው እንዳይደርስ ነው» አለች። «ሲደርስ እንለያያለን። ነገ ደግሞ ጭራሹን ልትሄድ ነው። ጠብቄ መስማት አልችልም፣ ታውቀኛለህ። እንድትቀር እፈልጋለሁ። ለልጆቹ ብዬ አይደለም።»

እሱ ቃል ከአፉ የሚወጣው ተለምኖ ነው። ከአጎቱ ጋር መነጋገር እንዳለበት ብቻ ነግሯት ወጣ። ያን ሌሊት እንዴት እንዳነጋችው አትጠይቁ።

ዓርብ ጠዋት አረፈደ። አርፍዶ አያውቅም። ልጆቹ ሥዕል ጀምረው፣ እሷ ሦስት ብሩሽ ጥላ፣ አንድ ቀለም ደፍታ ሳለ በሩ ላይ ደረሰና እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ገባ። ፊቱ ምንም አይናገርም። ልጆቹ ፊት እንዴት ትጠይቀው?

«ለምን» ኩባያዋን ይዛ ተነሳች።

«እየተጋፉ ነው። አንዱን ልንቀለው?»

ረጅሙ ተንበርክኮ ኩባያውን ከሁሉም አቅጣጫ አየው።

«አትንቀዪው። ቦታው ጠቧቸው ነው። ሰኞ ትልቅ ጣሳ ይዤ እመጣለሁ፣ ሁለቱንም አብረን እናዛውራቸዋለን።»

«መቼ አልክ?» አለች ቲቸር ከወዲያ።

«ሰኞ» አለ፣ አሁን እሷን እያየ።

«ለምን ሰኞ?» አለች ልጅቷ።

ቲቸር መጥታ ከልጆቹ መሃል ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። የመውጫው ደወል እስኪደወልም አልተነሳችም።