የውሃ ጠባቂዋ

«አፍህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

ልጅቷ ስትጠይቀው አባቷ ማቀዝቀዣው ፊት ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። ጉንጩ በአንድ በኩል አብጧል። «ምንም» ለማለት ሲሞክር ጥርሱ ስር አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«በረዶ ነው አይደል?»

«በረዶ ውሃ ነው እንዴ?» አለ እየዋጠ።

«አባዬ! ይሄን እኮ ማሙሽ እንኳ ያውቀዋል!»

ማሙሽ ታናሽ ወንድሟ ነው። ልጅቷ መጽሐፏን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ነገ የፊዚክስ ፈተና አለባት፤ ከትምህርት ቤት ከመጣች ጀምሮ ግን ከአንድ ገጽ ፈቀቅ አላለችም። ዓይኗ ደብተሯ ላይ፣ ጆሮዋ ማቀዝቀዣው ላይ ነው።

የአባቷ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ወዲህ ደሙን የሚያጥብለት ማሽን ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን። የጠጣው ውሃ እንደ ሌላው ሰው አይወጣለትም፤ እስከሚቀጥለው እጥበት ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ የቀኑ ውሃ በአንድ ጠርሙስ ተለክቶ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ሻይ ከጠጣ የሻዩን ያህል ከጠርሙሱ ተቀንሶ በረንዳ ላይ ላለው አበባ ይፈሳል። ሕጉን ያወጣችው እናቷ ናት፤ የምታስከብረው ግን ልጅቷ። «ይሄ አበባ ከእኔ የተሻለ ኑሮ ይኖራል» ይላል አባቷ። እሷን ደግሞ «ኮማንደር» ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን ያስቃት ነበር።

ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠርሙሱ ባዶ ሆኗል።

«ባለፈው ምን እንደሆንክ ረሳኸው? ማሽኑ ያን ሁሉ ውሃ ባንዴ ሲስብብህ የደም ግፊትህ ወርዶ፣ እግርህን ጨምድዶ ይዞህ...»

«አልረሳሁም። እግሩ የእኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን?»

«ስለጠማኝ!»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ዛሬ ጠንክሬ ፀጉር ቤቴን ከፍቼ ዋልኩ። አንድ ደንበኛ በሳቅ ገደለኝ፤ ልነግርሽ እየቸኮልኩ ስገባ ገና ከበሩ ‹ስንት ጠጣህ?› አልሽኝ። ሆስፒታል ስሄድ ሚዛን ላይ ውጣ፣ ቤት ስመጣ ጠርሙስ አሳይ። እናትሽ ማድቤት ተደብቃ ውሃ ትጠጣለች፤ ያ ማሙሽ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ያንቆረቁራል። የማልሰማ ይመስላችኋል? ሳልሞት እኮ ለቅሶ ተቀመጣችሁብኝ!»

ማዘን ነበረባት። የመጣባት ግን ንዴት ነው።

«እኔስ? ይሄን ሥራ አመልክቼ ነው የያዝኩት? ጓደኞቼ አብረን እናጥና ሲሉኝ አባቴን እጠብቃለሁ ነው የምላቸው። አንተ በተጎነጨህ ቁጥር እማዬ የምታፈጥጠው እኔ ላይ ነው። የምታጠፋው አንተ፣ የምወቀሰው እኔ!»

አባቷ የማሽኑ መርፌ የሚገባበትን ግራ ክንዱን ዳበስ ዳበስ አደረገ።

«ልክ ነሽ።»

ይሄ ደግሞ ባሰባት። ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር። «ልክ ነሽ አትበለኝ!»

«እሺ፣ ልክ አይደለሽም።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች።

የውጭው በር ላይ ቁልፍ ሲዞር ተሰማ። እናቷ ከምትሠራበት ዳቦ ቤት መምጣቷ ነው። አባቷ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የበረዶውን ነገር አትንገሪያት። ደክሟት ነው የምትመጣው። ነገ ሚዛን ላይ ስወጣ ጫማና ኮቴን አወልቃለሁ፤ ማንም አያውቅም።»

«ሚዛኑን ብትሸውደው ውሃውን ትሸውደዋለህ? ማሽኑ የሚስበው በሚዛኑ ልክ ነው፤ ሳያወጣው ቀርቶ ትንፋሽ ሲያጥርህስ?»

በሩ ተከፈተ። እናቷ እጅጌዋ ላይ ዱቄት እንዳለ ገባች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ልጇ ዞረች።

«ስንት ጠጣ?»

ሁልጊዜ የምትጠይቀው ጥያቄ ነው። ልጅቷ ግን ዛሬ ገና ሰማችው። አባቷ እዚያው ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጧል፤ ጥያቄው ግን አራስ ቤት በተኛ ሕፃን ላይ እንደሚያልፍ ወሬ በላዩ ላይ አልፎ ሄደ። «ጨርሷል፣ በረዶም ሰርቋል» ብትል እውነት ነው። «ደህና ነው» ብትል ሰላም ነው። አባቷ በዓይኑ እየለመናት ነው።

«እዚሁ ተቀምጦ የለ፣ እማዬ» አለች። «ራሱን ጠይቂው።»

እናቷ ሻርፗን ልታወልቅ ያነሳችው እጅ አንገቷ ላይ ቀረ። አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወለሉን አየ፤ ከዚያ ሚስቱን።

«ጠርሙሱን ጨርሻለሁ» አለ። «በረዶም በልቻለሁ። ብዙ። ነገ ለነርሷ እኔው እነግራታለሁ።»

«አንቺ የት ሆነሽ ነው?» አለች እናቷ ወደ ልጇ ዞራ።

«ፊዚክስ እያጠናሁ።»

መጽሐፏን አንስታ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። ከኋላዋ የእናቷ ድምፅ ከፍ አለ፤ የአባቷም መለሰ፤ እንደገና የእናቷ። ልትገላግላቸው ብድግ አለች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና እርሳሷን አነሳች።