«የአጎቷ ልጅ ነኝ»

ምንተስኖትን መጀመሪያ ያየሁት ተኝቶ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ፣ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ለሁላችንም የቀረውን አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ተንተርሶ።

«ይቅርታ... ትራስህን ልታውሰኝ ትችላለህ?» አልኩት።

ብድግ ሲል የመጽሐፉ ጠርዝ ጉንጩ ላይ ታትሟል።

«አብረን እንጠቀምበታ!» አለኝ።

ሳቄ መጣ። በዚያ ሰሞን ግን መሳቅ እንኳ ያደክመኝ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አምና ወድቄ፣ እንደገና በግል ልፈተን ነው። አባቴ አቶ ኪዳነ ቁርጡን ነግረውኛል፤ ካለፍኩ ዩኒቨርሲቲ፣ ከወደቅኩ ሞላሌ ከተማ ላለ ነጋዴ ሚስት። ሰውየውን አንድ ቀን አይቼዋለሁ። ክፉ አይመስልም፤ ብቻ አልፈልገውም።

እንደኔው ዘንድሮ የሚፈተነው ምንተስኖት ሒሳብ ሊያስጠናኝ የተከራየሁበት ቤት ሲመጣ አከራዬ እትዬ ገበያነሽ በሩ ላይ ቆሙ። እሳቸው ግቢ ወንድ ድርሽ አይልም።

«ማነህ አንተ?»

«የአጎቷ ልጅ ነኝ!» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ውይ! ታዲያ ግባ እንጂ የኔ ልጅ!»

ከዚያ ወዲያ እሳቸው ቆሎ እያቀረቡልን፣ እኛ በሩን ገርበብ አድርገን ስናጠና ከረምን። ቀመሩ ሁሉ ይምታታብኝ ጀመር።

«በቃኝ ምንቴ! ጭንቅላቴ አልቀበል አለ።»

«አንድ ጥያቄ ብቻ። ከዚያ ታለቅሻለሽ።»

ጥያቄውን ሠራሁት፤ ልቅሶውን ረሳሁት። ወደድኩት እንግዲህ፣ ምን ላድርግ! ግን ሰፈሩ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ አምኖን እጅ ለእጅ እንኳ መያያዝ አልቻልንም።

አንድ ቅዳሜ አባባ ስንቄን ይዘው ለገበያ መጡ።

«የወንድምዎ ልጅ እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» አሏቸው እትዬ ገበያነሽ።

«የምን ወንድም? እኔ ወንድም የለኝም!»

ምንተስኖት ተጠርቶ መጣ። አባባ የማን ልጅ እንደሆነ እስከ ሰባት ቤት አስቆጠሩት። በአያት ቢሉ በቅድመ አያት፣ የትም አልተገናኘንም። እኔ በልቤ እልል አልኩ፤ እሳቸው ግን ባሰባቸው።

«ዘመድ ብትሆን ይሻል ነበር እኮ! ባዳ ነህ ለካ!»

ከግቢው አውጥተው ለብቻው አነጋገሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንተስኖት ጠፋ። ቤተ መጻሕፍት ስገባ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይታጠፋል። ፈርቶ ተወኝ አልኩ። አነባለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ እንደገና አነባለሁ።

ለፈተናው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ወሰዱን። የመጨረሻው ፈተና እንዳለቀ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አገኘሁት። ከስቷል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ለምን ጠፋህ?»

«አባትሽ የዚያኑ ዕለት ወደ ቤት ሊወስዱሽ ነበር። ፈተናው እስኪያልቅ ላልደርስብሽ ምዬላቸው ነው የተዉሽ።»

«አንድ ቃል ብትልክብኝ ምን ነበረበት?»

«ምያለሁ አልኩሽ እኮ፣ ጽናት...»

ቆሜ አለቀስኩ። ስንት ቀን ስረግመው ኖሬያለሁ!

ውጤት ሲመጣ እኔ አለፍኩ። ያስጠናኝ እሱ ግን ወደቀ። ስደውልለት ድምፁ እንኳ የእሱ አይመስልም ነበር።

«ሂጂ፣ ተማሪ። እኔን እርሺኝ። ደክሞኛል።»

ስልኩን ዘጋብኝ። ቀጥ ብዬ ወደ አባባ ሄድኩ፤ የበጎቹን በረት እየጠገኑ ነበር።

«አባባ፣ ለሞላሌው ሰው ቁርጡን ይንገሩልኝ። እኔ የምወደው ምንተስኖትን ነው።»

«ያንን ውሸታም? ወድቋል ሲሉ ሰማሁ።»

«እኔም ወድቄ ነበር። ደግሞ አንዴ ዋሸ እንጂ፣ ለእርስዎ የማለውን አላፈረሰም። እኔ እየተቀየምኩት እንኳ አላፈረሰም!»

አባባ የያዙትን እንጨት መሬት ላይ አስቀመጡ።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ያፈርሳል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። በይ አንቺም ተማሪ፣ እሱም እንደገና ይፈተን። ሽማግሌ ሳይልክ ግን ደጄን እንዳይረግጥ!»

ወዲያው መልሼ ደወልኩለት።

«ምንቴ... አባባ ሽማግሌ ይላክ ብለዋል።»

ከዚያ ሲያለቅስ ሰማሁት፤ ያን ሁሉ ወር ሲያስጠናኝ አንዴም ሳያለቅስ የከረመው ሰው። በቃህ አላልኩትም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ እስኪወጣለት ጠበቅኩት።